ከሥራ ልብስ የተሰፋ ብርድ ልብስ

ድሪቶ የሚለው የአማርኛ ቃል ለንቀት ካልሆነ በቀር ከሰው አፍ ብዙ አይወጣም። የጣፈችው ሴት ግን የእያንዳንዱን ቁራጭ ትውልድ ታውቃለች፤ ይህ የማን ሱሪ፣ ያ የማን ሸሚዝ እንደ ነበረ ሳትሳሳት ትናገራለች። ይህን ዓይነቱን ሙያ ከመኝታ ቤት አንሥተው እስከ ሙዚየም ግድግዳ ካደረሱት መካከል በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት የሚኖሩ የጥቁር ገበሬዎች ሚስቶችና ልጆች ይገኙባቸዋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሪቱ ጊስ ቤንድ ትባላለች። የአላባማ ወንዝ በሦስት ወገን ስለሚከባት ከደሴት ብዙም አትለይም። ስሟን ያገኘችው በ1816 ገደማ በሥፍራው የጥጥ እርሻ ካቋቋመው ከጆሴፍ ጊ ነው። እርሻው በ1845 ወደ ማርክ ፔትዌይ እጅ ገባ፤ እርሱም በባርነት የያዛቸውን መቶ ያህል ሰዎች ከሰሜን ካሮላይና በእግር አስጉዞ አመጣ። ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ ብዙዎቹ የጌታውን ስም እንደ ተሸከሙ በዚያው መሬት ላይ ጭሰኞች ሆነው ቀሩ። ፔትዌይ የሚለው ስም ዛሬም በመንደሪቱ የተለመደ ነው።

ጥጥ የሚያበቅለው ገበሬ ጨርቅ መግዛት ሲያቅተው ማየት በጭሰኝነት ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። የጎጆው ስንጥቅ ነፋስ እንዳያስገባ ግድግዳው በጋዜጣ ወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ የሌሊቱን ብርድ የሚመክተው ግን በላይ በላዩ የሚደራረበው ጥፍ ብርድ ልብስ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቱታውና ሱሪው እስኪያልቅ ከተለበሰ በኋላ ስፌቱ ይተረተራል። ጉልበቱና መቀመጫው ቀድሞ ስለሚሳሳ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የሱሪው እግርና የሸሚዙ ጀርባ ነው። እነዚህ እንዳሉ በረጃጅሙ ይቀጣጠላሉ። ገበሩ የዱቄት ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ በመካከሉ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከጥጥ መዳመጫው ወለል የተለቀመ ትርፍራፊ ባዘቶ ሆኖ ይገባል። ከዚያ ሦስቱ ንብርብር ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ይጠቀማል። ኪሱ የተነሣበት ቦታ ፀሐይና እጥበት ስላልነካው ደማቅ ሰማያዊ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ዙሪያው ነጥቷል። ሠሪዋ ይህን ልትደብቅ አትደክምም። የእነዚህን ብርድ ልብሶች ውበት በቅርጻቸው ብቻ የሚመዝን ተመልካች የአንድን ሰው የእርሻ ዘመን ሳያነብ ያልፋል።

በ1932 በዱቤ ያኖራቸው የነበረ ነጋዴ ሞተና ባለቤቱ ዕዳዋን ጠየቀች። 60 ያህል ቤተሰቦች የእርሻ እንስሳቸውን፣ መሣሪያቸውንና ዘራቸውን ተነጠቁ። የዚያን ዓመት ብርድ ወራት ያለፉት በቀይ መስቀል እርዳታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ለነዋሪዎቹ በብድር ሸጠላቸው፤ ጭሰኛው ባለ መሬት የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባሏ የሞተባት ሐዘንተኛ ነበረች። ከልጇ ከአርሎንዚያ ጋር ሆና የሟቹን የሥራ ልብሶች ሰብስባ፣ ሱሪውንና ሸሚዙን ቀዳ ብርድ ልብስ ሰፋች። ልጇ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ መሰከረችው፣ የእናትየዋ ሐሳብ በዚያ ሥር እየተኙ እርሱን ማስታወስ ነበር። የሟች ልብስ ለነዳያን በሚሰጥበት አገር ላደገ አንባቢ ነገሩ ግር ሊለው ይችላል። ሆኖም የጉልበቱንና የትከሻውን ልክ ይዞ የቀረው ይኸው ልብስ ነበር።

በ1962 ነዋሪዎቹ በመራጭነት ለመመዝገብ ሲነሡ ወደ ካምደን ከተማ የሚያሻግራቸው ጀልባ ተቋረጠ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1965 መንደሪቱን ጎበኙ። በሚቀጥለው ዓመት በአካባቢው የሴቶቹ የስፌት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1972ም ሲርስ ከተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት የኮርድሮይ ትራስ ልብስ የመስፋት ውል አገኘ። የውል ሥራ አንድ ልክና አንድ መልክ ይፈልጋል፤ የሴቶቹ እጅ የለመደው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ትርፍራፊው ኮርድሮይ ግን ወደየቤቱ ገብቶ እንደ ልማዱ ብርድ ልብስ ሆነ።

በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም የተደረገው ኤግዚቢሽን የመንደሪቱን ስም በዓለም አሰማ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ የብርድ ልብሶቹን መልክ የያዙ አሥር ቴምብሮች አወጣ፤ ጀልባውም ከ44 ዓመታት በኋላ በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ዝናው ገንዘብን፣ ገንዘቡም ክርክርን አመጣ። በ2007 አንዳንዶቹ ሠሪዎች ድርሻችን አልተከፈለንም ሲሉ ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ተዘጋ።