የጀንክ ዋክስ ዘመን የቤዝቦል ካርዶች

ጀንክ ዋክስ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በገፍ ለታተሙ የቤዝቦል ካርዶች ሰብሳቢዎች ያወጡላቸው የንቀት ስም ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የመጣው ካርዶቹ ከሚጠቀለሉበት ሰም የተቀባ ወረቀት ነው። ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም አብዛኞቹ ዛሬም በሳንቲም ቤት የሚሸጡ ናቸው።

ሕዝቡ ካርድ ወደ መግዛት የጎረፈው የቀድሞዎቹን ዋጋ አይቶ ነበር። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ያወጣቸውን ካርዶች ልጆች ተጫውተውባቸዋል፣ እናቶችም ቤት ሲያጸዱ ጠርገው ጥለዋቸዋል። ኩባንያው ራሱም አልራራላቸውም፤ የካርዱ ንድፍ አውጪ ሳይ በርገር ራሱ እንደተረከው፣ መጋዘን ያጣበበውን ትርፍ ክምችት በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጥሏል። ከጥፋቱ ከተረፉት መካከል አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ በነሐሴ 2022 በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

ቶፕስ በ1956 ተቀናቃኙን ቦውማንን ከገዛ በኋላ ገበያውን ለብቻው ይዞ ቆየ። በ1980 ፍሊር የተባለው ኩባንያ ቶፕስን ከስሶ ሲረታ ግን በሩ ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት ፍሊርና ዶንረስ ካርድ አወጡ። ውሳኔው በ1981 በይግባኝ ቢሻርም ቶፕስ ሊያስከብር የቻለው ካርድን ከማስቲካ ጋር አድርጎ የመሸጥ መብቱን ብቻ ስለነበር፣ ፍሊር በማስቲካው ፋንታ ተለጣፊ ምስል እያስገባ ቀጠለ። ስኮር በ1988፣ አፐር ዴክ በ1989 ተከተሉ። ከ1984 ጀምሮ በየወሩ የሚወጣው የቤኬት የዋጋ መጽሔት ደግሞ ልጁንም አባቱንም ነጋዴ አደረጋቸው። ሰው ካርዱን በካርቶን እየገዛ፣ ለልጆቹ የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል ብሎ ሳይከፍት ምድር ቤት ከመረው። አምራቾቹ ስንት እንዳተሙ ይፋ አላደረጉም፤ የታተመው ግን ሁሉም ሰው ስላስቀመጠው ሳይጠፋ ቀረ።

ከዘመኑ ካርዶች ሁሉ ዝነኛው የአፐር ዴክ የመጀመሪያ ስብስብ ቁጥር 1፣ የኬን ግሪፊ ጁኒየር የጀማሪነት ካርድ ነው። ተጫዋቹ ገና በዋናው ሊግ አንድም ጨዋታ ስላልነበረው፣ በታችኛው ሊግ የተነሳው ፎቶ ላይ የኮፍያው ቀለም ተለውጦ የሲያትል ማሪነርስ ኮፍያ እንዲመስል ተደረገ። ካርዱ ብርቅ አይደለም፤ ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ከፍተኛውን 10 የሰጣቸው እንኳ በሺዎች ይቆጠራሉ። ያም ሆኖ ፈላጊ አያጣም፤ የትዝታ ዋጋ ከቁጥር ጋር ሁልጊዜ አይስማማም።

በእንዲህ ያለ ገበያ ዋጋን የሚለየው ይዞታ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. ከ1991 ጀምሮ ካርዶችን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ እየሰጠ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጋል። መርማሪው ምስሉ በጠርዞቹ መካከል መሃል መሃሉን መያዙን፣ የማዕዘኖቹን ሹልነት፣ የዳሩንና የገጹን ንጽሕና ያያል። የ1987ቱ የቶፕስ ካርድ እንጨት በሚመስል ቡናማ ፍሬም የተከበበ ነው፤ ማዕዘኑ ትንሽ ከተላጠ ነጩ ወረቀት ከሩቅ ይታያል። በእሽጉ ዳር የነበረ ካርድ ደግሞ ከወረቀቱ የቀለጠ ሰም ወይም የማስቲካ እድፍ ሊኖርበት ይችላል። ለዚህ ዘመን ተራ ካርድ የምርመራው ክፍያ ብቻውን ከካርዱ ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዕውቅ ተጫዋችና እንከን የለሽ ይዞታ ካልተገናኙ መላኩ ኪሳራ ነው።

የኅትመት ስህተት ሌላው ማራኪ ነገር ነው። በ1989ኙ የፍሊር ካርድ ላይ ቢሊ ሪፕከን የያዘው ዱላ እጀታ ጫፍ ላይ በእጅ የተጻፈ ብልግና ቃል ይነበባል። ፍሊር ቃሉን አንዴ በጭረት፣ አንዴ በነጭ ቀለም፣ አንዴ በጥቁር ሣጥን እየሸፈነ አሳተመው፤ እያንዳንዱም ዓይነት የራሱ ፈላጊ አገኘ። በ1990 ቶፕስ ካሳተማቸው የፍራንክ ቶማስ ካርዶች ጥቂቶቹ ፊት ለፊት የተጫዋቹ ስም የለባቸውም፤ እነዚህ በእውነት ብርቅ ናቸው።

ገበያው መቀዝቀዝ በጀመረበት ወቅት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1994 የተጀመረው የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ የዓመቱን የዓለም ሻምፒዮና አሰረዘ። ደጋፊው ተቆጣ፤ ብዙ የካርድ ሱቆችም ተዘጉ። አምራቾች ቀድሞውኑ ፊታቸውን ወደ ውስን እትም፣ ወደ ፊርማና አንጸባራቂ ካርድ ማዞር ጀምረው ነበር።

ገዥ ማየት ያለበት ሻጭ የሚጠይቀውን ዋጋ ሳይሆን ካርዱ በቅርቡ በተጨባጭ የተሸጠበትን ነው። ያልተከፈተ የሰም ወረቀት እሽግ በሙቀት ተከፍቶ፣ ጥሩው ካርድ ወጥቶ እንደገና ሊታሸግ ስለሚችል ጥርጣሬ አይጎዳም። ጥንቃቄው የበለጠ የሚያስፈልገው ቶፕስ በ1991 ሳዑዲ ዓረቢያ ለነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች የላካቸውን የዴዘርት ሺልድ ካርዶች ለሚገዛ ነው። ከተራው የ1991 ካርድ የሚለያቸው ፊታቸው ላይ ያለው የወርቅማ ማኅተም ብቻ በመሆኑ፣ አጭበርባሪዎች በርካሹ ካርድ ላይ ሐሰተኛ ማኅተም እያተሙ ይሸጣሉ።