አልድን ላለ የስኳር ቁስል ኦክስጅን፦ ምንድነው? ለማንስ ይሆናል?

ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ወር ይሞላዋል። አያምም። ችግሩም እሱ ነው፤ ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ ሰውየው ሳይሰማው እየረገጠበት ይውላል። በዚያ ላይ ወደ እግር የሚሄዱት የደም ስሮች ይጠባሉ። ደም ሲያንስ ኦክስጅንም ያንሳል፣ ኦክስጅን ያጣ ቁስል ደግሞ አዲስ ሥጋ መሥራትም ጀርም መከላከልም ያቅተዋል። ኢንፌክሽኑ አጥንት ጋ ከደረሰ ወሬው ስለ መቁረጥ ይሆናል።

ታዲያ በደም በኩል በበቂ ካልደረሰ፣ ኦክስጅኑን በውጭ በኩል ቁስሉ ላይ ብንሰጠውስ? ሕክምናው ይኸው ነው።

ሰውነት ሙሉ በሙሉ ከሚገባበት የኦክስጅን ክፍል ጋር ግን አታምታቱት። እዚያ ታካሚው በከፍተኛ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ይኼኛው የሚመለከተው ቁስሉን ብቻ ነው። አንዱ ዓይነት እግር የሚገባበት ቦት የመሰለ የላስቲክ ከረጢት ነው፤ ኦክስጅን በግፊት ይሞላዋል፣ ይቀንሳል፣ መልሶ ይሞላዋል። ሌላው በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይታ በቀጭን ቱቦ ፋሻው ስር ቀን ከሌሊት ትልካለች።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 "ዳያቤትስ ኬር" በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። 73 ታካሚዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ተሳትፈዋል። ለአንዱ ቡድን ትክክለኛው መሣሪያ፣ ለሌላው ማስመሰያ ተሰጠ፤ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። ቤታቸው ሆነው በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 90 ደቂቃ ተጠቀሙ። በ12 ሳምንት ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ኦክስጅን ካገኙት 41.7 በመቶ፣ ከሌሎቹ 13.5 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ 56 ለ27 በመቶ ሆነ።

ቁጥሩ ደስ ይላል፣ ግን 73 ሰው ትንሽ ነው። ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ ታካሚዎቹ ኦክስጅን ከመጀመራቸው በፊት 2 ሳምንት መደበኛ ሕክምና ወስደዋል። በዚያ ብቻ ቁስሉ በደንብ የቀነሰለት ሰው ከጥናቱ ወጣ፤ ኦክስጅን አላስፈለገውማ! የስኳር ህመምተኞችን እግር የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድንም በ2023 መመሪያው ያለው ተመሳሳይ ነው፤ መደበኛው ሕክምና ብቻውን ካልሠራና አቅሙ ካለ፣ እንደ ተጨማሪ ይታሰብ።

መደበኛው ማለት ደግሞ የሞተውን ሥጋ በባለሙያ ማስጠረግ፣ ኢንፌክሽኑን ማከም፣ የደም ዝውውሩን ማስመርመር፣ ስኳሩን መቆጣጠር ነው። ከሁሉም በላይ ቁስሉ ላይ አለመርገጥ፤ ለዚህ ጀሶ ወይም ልዩ ጫማ ይታዘዛል። እየተረገጠ የሚውል ቁስል ኦክስጅን ቢነፋበትም ያው ነው።

የኦክስጅን ሲሊንደር ተከራይቶ ቤት ውስጥ ቁስል ላይ መልቀቅ ይህ ሕክምና አይደለም። ቡና የሚፈላበት ከሰል ወይም ሲጋራ ባለበት ቤት ደግሞ እሳት መጥራት ነው። የቡና ዱቄት መነስነስም ይቅር።

እናንተ በስልካችሁ ማድረግ የምትችሉት አለ። ቁስሉን በየሳምንቱ ከአንድ ብር ሳንቲም አጠገብ ፎቶ አንሱትና ለሐኪሙ አሳዩ። በ4 ሳምንት ሕክምና ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ "ሌላ ምን አማራጭ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ፎቶውን ተዉትና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።