ሶሪያሲስ፦ ከዘር የመጣ፣ ከጉሮሮ የተነሣ

ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታ ለረጅም ዘመን ከሥጋ ደዌ ጋር ሲምታታ ኖሯል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ዊላን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቆዳውን መቅላትና ቅርፊት አጥርቶ ቢገልጽም ሥጋ ደዌም ከሚጠራበት «ሌፕራ» ከሚለው ስም አላላቀቀውም፤ ሁለቱን በግልጽ የለያቸው በ1841 እ.ኤ.አ. የቪየናው ፈርዲናንድ ሄብራ ነው። ይህ ለሕመምተኞች ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሶሪያሲስ ያለበትን ሰው መሸሽ ምክንያት አጣ። በሽታው አይተላለፍም ማለት ግን ተላላፊ ጀርም እጁ የለበትም ማለት አይደለም።

የዘር ድርሻው አያጠራጥርም። ዴንማርካዊው ሐኪም ጉናር ሎምሆልት በፋሮ ደሴቶች ወደ 11,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን መርምሮ በ1963 ባሳተመው ጥናት 2.8 በመቶው ሶሪያሲስ እንዳለባቸው፣ ከታማሚዎቹም አብዛኞቹ ያው ሕመም ያለበት ዘመድ እንዳላቸው አሳየ። ከ1972 ጀምሮ ደግሞ በሽታው ኤችኤልኤ ከሚባሉት ዘረመሎች ጋር መያያዙ ታወቀ። እነዚህ ዘረመሎች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች የጀርም ቁራጭ ይዘው ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩ ናቸው። ዘር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ግን ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች ሁልጊዜ አብረው በታመሙ ነበር፤ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው ጉሮሮ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊንፊልድ ገና በ1916 ሶሪያሲስ የቶንሲል ሕመምን ተከትሎ እንደሚመጣ ጽፎ ነበር። በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ እንደ ጠብታ የሚፈነጥቀው ዓይነት፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ጀርም ጉሮሮን ካጠቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቅ ይላል። እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ ቶንሲል የያዘው ሁሉ ሶሪያሲስ አይዘውም፤ ጀርሙን የሚገድል መድኃኒትም ሽፍታውን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም። የመጀመሪያውን ዘር ይመልሰዋል፤ ጠብታ መሰሉ ዓይነት የሚበዛው ኤችኤልኤ-ሲደብሊው6 የተባለውን ዘረመል በወረሱት ላይ ነውና። ሁለተኛውን የሚመልሰው በ1979 የታየው ነገር ይመስለኛል፦ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ሳይክሎስፖሪን ሽፍታውን አጠፋ። እንግዲህ ቆዳውን የሚያቆስለው ጀርሙ ራሱ ሳይሆን የተቀሰቀሱት መከላከያ ሴሎች ናቸው፤ እነርሱም ጀርሙ ከሞተ በኋላ ይቆያሉ። በ2012 የታተመ የአይስላንድ ጥናት፣ ጉሮሯቸው ሲታመም ሽፍታቸው የሚብስባቸውን 29 ሰዎች ተከታትሎ፣ ቶንሲላቸው ከወጣላቸው 15 ሰዎች በ13ቱ ላይ መሻሻል አገኘ። የናሙናው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ቶንሲል ማስወጣትን ለሁሉም ማዘዝ አይቻልም፤ ሐኪም ግን ስለ ቤተሰቡ የሚጠይቀውን ታማሚ ስለ ጉሮሮውም ሊጠይቀው ይገባል።