ዕቃ ፍተሻ በካፋ፦ ከኬላ እስከ ቻርጀር

በካፋ መንግሥት ዘመን ነጋዴ ጭነቱን ይዞ እንደ ልቡ ወደ አገሩ አይገባም ነበር። ድንበሩ በጥልቅ ቦይና በአጥር የተከለለ ሲሆን፣ መተላለፊያው በዘብ የሚጠበቅ ኬላ ብቻ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ኬላው ላይ ቆሞ ማንነቱና ጭነቱ ይታያል፤ ቀረጡን ይከፍላል። ካለፈ በኋላም የሚገበያየው በቦንጋና በአካባቢዋ ተወስኖ ነው። ቦንጋ የደቡብ ምዕራቡ ዋና ገበያ የሆነችውም በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው። ወደ አገሩ የሚገባው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ነበር። የሚወጣው ደግሞ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ከንግዱ ሁሉ የከፋው የባሪያ ንግድም በዚያው በር ያልፍ ነበር።

የኬላው ፍተሻ ሰውየውንና ጭነቱን ይመለከታል እንጂ የዕቃውን ደኅንነት አይመረምርም። ያ የገዢው ጣጣ ነበር። ዝባድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከታጎረ ጥርኝ በየጥቂት ቀኑ እየተጠረገ የሚሰበሰበው ይህ ቅባት በከብት ቀንድ ታሽጎ ይሸጣል። ቀንዱ ግን ውስጡን አያሳይም። ቅቤ ወይም ሌላ ስብ የተቀላቀለበት ዝባድ ከንጹሑ ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል ገዢው ከቀንዱ ቆንጠር አድርጎ በጣቱ ያሸዋል፣ ያሸታል፣ የሻጩንም ስም ያስባል። ማስረጃው የሰው እጅ፣ አፍንጫና ዝና ነበር። ዕቃው በሦስተኛና በአራተኛ እጅ ካለፈ በኋላ ግን ዝናው ከዕቃው ጋር አብሮ አይጓዝም፤ የምስክር ወረቀት የሚባለው ነገር በኋለኛው ዘመን የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት ዘመቻ የካፋን መንግሥት አፈረሰ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከወራት ፍለጋ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተያዙ። ቦዮቹና ኬላዎቹም የቀድሞ ትርጉማቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ የዕቃ ፍተሻ ከቦንጋ እየራቀ ወደ ማዕከል ሄደ፤ ከካፋ የሚወጣውም ወደ ካፋ የሚገባውም የሚመዘነው ሌላ ቦታ ሆነ።

ወደ ቦንጋ ቀድሞ የተመለሰው የቡና ፍተሻ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ የቡና ማጣራትና ደረጃ ማውጣት በሕግ ተደነገገ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቋመ። ለረጅም ጊዜ የመጨረሻው ቅምሻ የሚካሄደው አዲስ አበባ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በቀጣዩ ዓመት ቡናን ሲጨምር፣ ቦንጋ የቡና መረከቢያና ደረጃ ማውጫ መጋዘን ካላቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። አሠራሩ ቀላልም ጥብቅም ነው። ከየጆንያው በመርፌ መሰል ቱቦ ናሙና ይወሰዳል። ያልታጠበ ቡና ከሆነ ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ነጥብ ለሲኒው ጣዕም ይሰጣል። የተሰበረ፣ የጠቆረና የተበላሸ ፍሬ ይቆጠራል፣ ሽታው ይታያል፣ ከዚያም ተቆልቶ ይቀመሳል። ቀማሹ ባለቤቱን አያውቅም፤ ናሙናው የሚቀርብለት በኮድ ነው። በቀንዱ ላይ አፍንጫውን ይደግን የነበረው የዝባድ ገዢ ሥራ እዚህ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም አግኝቷል።

ወደ ካፋ የሚገባው የኤሌክትሪክ ዕቃ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። የኤሌክትሪክ መብራት ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጄኔሬተር ነው፤ ጊዜውም ካፋ ከተያዘችበት ጋር ተቀራራቢ ነው። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ሲቋቋም አገሪቱ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሆነውን የአውሮፓ ሥርዓት ይዛ ቀጠለች። የደረጃዎች ተቋም የተመሠረተው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1990 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 102 የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ሆነ፤ ደረጃ ማውጣት፣ መመርመር፣ ማረጋገጥና ሚዛን ማስተካከል ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ደረጃውን የሚያወጣው ራሱ የሚፈትንና የሚያረጋግጥ መሆኑ ተገቢ ስላልሆነ በ2003 ዓ.ም. ሥራው በአራት ተከፈለ። የደረጃዎች ኤጀንሲ ደረጃ እንዲያወጣ፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት እንዲፈትሽ፣ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት መለኪያዎችን እንዲያስተካክል፣ የአክሬዲቴሽን ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፈታሾቹን እንዲፈትን ተደረገ። ከአራቱ ትልቁን ክብደት የሚሸከመው አራተኛው ነው፤ ላቦራቶሪ ራሱ ካልተመዘነ የሚሰጠው ወረቀት ዋጋ የለውም።

ትናንሽ የኮምፒውተር ተጓዳኝ ዕቃዎች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያላቸው ቦታ ከዓለም አቀፉ ታሪክ ውጪ አይገባም። የኤሌክትሪክ ደኅንነት ፍተሻ የጀመረው ከእሳት ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ቺካጎ ውስጥ ከዓለም ትርዒቱ የኤሌክትሪክ ተከላ ጋር ተያይዞ ለመድን ድርጅቶች ይሠራ የነበረው ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የኤሌክትሪክ ፍተሻ ላቦራቶሪ መሠረተ፤ ዛሬ ዩኤል ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በ1906 ለንደን ላይ ተቋቋመ። አውሮፓ በ1973 ያወጣችው የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ ከ50 እስከ 1,000 ቮልት ተለዋዋጭ፣ ከ75 እስከ 1,500 ቮልት ቀጥታ ኃይል የሚሠራውን ዕቃ ብቻ ይመለከታል። በ1996 የወጣው ዩኤስቢ ግን 5 ቮልት ነው፤ መጀመሪያ የሚሰጠውም እስከ 500 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነበር። ስለዚህ ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ፍላሽና የመሳሰሉት ከዚያ መመሪያ ውጪ ናቸው። ሰውን ሊይዝ የሚችል ቮልት የላቸውም፤ አደጋቸውም በሚሰኩበት ኮምፒውተር ጉልበት የተገደበ ነው። በ2010 የወጣውና በኋላ የቆዩትን ደረጃዎች የተካው 62368 የተባለው የኮሚሽኑ ደረጃም ይህንኑ ሐሳብ ይዟል። ዕቃውን በስሙ ሳይሆን በያዘው ኃይል መጠን ይመድባል፤ ከ15 ዋት በታች የሆነውን ዝቅተኛው መደብ ውስጥ ያስገባል።

ይህ አስተሳሰብ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር መለየትን ይጠይቃል። ማውሱ 5 ቮልት ይበላል፤ ቻርጀሩ ግን በአንድ ጎኑ 220 ቮልት፣ በሌላው 5 ቮልት ተሸክሟል። ሁለቱን የሚለያያቸው ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ትራንስፎርመርና በሰሌዳው ላይ ያለ ባዶ ቦታ ነው። 62368 በተካው የቀድሞ 60950 ደረጃ መሠረት በሁለቱ ወገኖች መካከል በሰሌዳው ገጽ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ያስፈልጋል፤ መከላከያው ደግሞ 3,000 ቮልት ተለቆበት ሳይበሳ መቆየት አለበት። ርካሽ ቻርጀር ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ርቀት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጠብና የትራንስፎርመሩ ሽቦ በአንድ ንብርብር ፕላስተር ብቻ ሲሸፈን ነው። ያ መከላከያ ከተበሳ 220 ቮልቱ በቀጭኑ ኬብል አድርጎ ስልኩን የያዘው ሰው እጅ ይደርሳል። ፓወር ባንክም የራሱ አደጋ አለው፤ ቮልቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሊትየም ባትሪው ሾርት ሲያደርግ ሊነድ ይችላል። ስለሆነም የደኅንነት ምስክር ወረቀት በጥብቅ የሚጠየቀው ከኮምፒውተሩ ኃይል ለሚወስደው ትንሽ ዕቃ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ለሚሰካውና ኃይል ለሚያጠራቅመው ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ አንድ ዕቃ አስገዳጅ ደረጃ ከወጣለት፣ ለምሳሌ እንደ ኤሌክትሪክ ኬብል፣ ከጉምሩክ ከመለቀቁ በፊት ከደረጃው ጋር መስማማቱ መረጋገጥ አለበት። የሬዲዮ ሞገድ የሚጠቀም ዕቃ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤትን ይመለከታል፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም መሣሪያዎችን አይነት የማረጋገጥ ሥልጣን አለው። ባለ ገመድ ማውስና በብሉቱዝ የሚሠራ ማውስ ለተጠቃሚው አንድ ቢመስሉም በሕግ ፊት መንገዳቸው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው የሸማቹ መከላከያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው፤ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥና ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ካፋ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ስትሆን ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች፤ የገበያ ቁጥጥር ኃላፊነት ያለው የክልል ቢሮም ተቋቋመ። በዚያው ጊዜ ከካፋ የሚወጣው ቡና ላይ ያለው ጥያቄ ይበልጥ ረቀቀ። መቀመጫው ቦንጋ የሆነው የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ለኦርጋኒክና ለፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት ሲሠራ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቡናው የተለቀመበትን መሬት በካርታ መገኛ ነጥብ እንዲያሳይ፣ መሬቱም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ያልተመነጠረበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የአንድ ጆንያ ቡና መነሻ እስከ ማሳው ድረስ መታወቅ አለበት ማለት ነው።

ወደ ካፋ የሚገባው ቻርጀር ግን እንዲህ ዓይነት ዱካ የለውም። የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ለአንድ ሞዴል ወይም ለአንድ ጭነት ነው። ካርቶኑ መርካቶ ላይ ሲፈታና ዕቃው በደርዘን ተከፋፍሎ በጅማ በኩል ቦንጋ ሲደርስ፣ ወረቀቱ አስመጪው ፋይል ውስጥ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሸጠው ቻርጀር ማሸጊያውም አብሮት ላይኖር ይችላል። ያኔ የሚቀረው ማስረጃ በአካሉ ላይ የታተመው ብቻ ነው፦ የአምራቹ ስም፣ የሚቀበለው ቮልት፣ የሚሰጠው ቮልትና አምፔር፣ ድርብ መከላከያን የሚያመለክተው አንዱ በሌላው ውስጥ የተሳለ ካሬ። ሲኢ የሚለው ምልክት በብዙ እንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ላይ የአምራቹ የራሱ ቃል እንጂ የሌላ ፈታሽ ምስክርነት አይደለም፤ ስለዚህ ብቻውን ሲታይ ብዙ አይናገርም። የሶኬቱ ቅርጽም ይታያል። ክብ ባለ ሁለት እግር ላልሆነ ዕቃ ሻጩ ማገናኛ ጨምሮ ከሰጠ፣ ዕቃው ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መሆኑ ግልጽ ነው።

የገበያ ተቆጣጣሪ ሱቅ ገብቶ መለያውን፣ ደረሰኙንና የንግድ ፈቃዱን ማየት ይችላል። ውስጡን ለማወቅ ግን ናሙናውን ወስዶ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል፤ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ዋናው የኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ቡናው እዚያው ቦንጋ ተቆልቶ ሲቀመስ፣ ቻርጀሩ ግን የሚፈተሸው ናሙናው ይህን መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነው።