የማን ዕዳ በማን ትከሻ

ማርክ ዙከርበርግ ፌስቡክን ከመመሥረቱ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2003፣ ፌስማሽ የሚባል ገጽ ሠርቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገጹ ከሃርቫርድ ተማሪዎች መዝገብ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የተወሰዱ ፎቶዎችን ሁለት ሁለት እያደረገ ያቀርባል፤ ተመልካቹ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያምረውን ይመርጣል። የጥቁር ሴት ተማሪዎች ማኅበር ተቆጣ፤ ገጹ በቀናት ውስጥ ተዘጋ፤ ሠሪውም ይቅርታ ጠየቀ። መራጮቹ ምንም አልከፈሉም። የተዋረዱት ፊታቸው ለምርጫ የቀረበባቸው ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከሃያ በላይ ዓመታትም የማኅበራዊ ሚዲያ ሒሳብ የሚመጣው ባላዘዘው ሰው ላይ ነው።

ፌስቡክ በ2006 የወዳጅ ዘመድን ወሬ በአንድ ገጽ የሚያዘንበውን የዜና ሰሌዳ አመጣ፤ በ2009 ላይክን፣ በ2016 ደግሞ የሳቅ፣ የሐዘንና የቁጣ ፊቶችን ጨመረ። የቁጣዋ ፊት ለተወሰነ ጊዜ ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ትመዝን እንደነበር በኋላ ከወጡት የኩባንያው ሰነዶች አውቀናል። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ኮሜንትና ሼር የሚበዛበት ጽሑፍ ቅድሚያ እንዲያገኝ ተደረገ። ዓላማው ቤተሰብንና ወዳጅን ማቀራረብ ነው ተባለ። ሰውን ቶሎ ኮሜንት የሚያስጽፈው ግን ንዴት ነው። የኩባንያው ተመራማሪዎችም ለውጡ ንዴትን እንደሚያበረታታ ለአለቆቻቸው ጽፈዋል።

ኢትዮጵያ በሯን የከፈተችውም በዚያው በ2018 ነው። ከዚያ በፊት መጻፍ ያሳስር ነበር፤ የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በ2014 ወኅኒ የወረዱት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ተዘግተው የነበሩ ከሁለት መቶ በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ የተሰማው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም አላጣጥለውም። ክፋቱ፣ ለዓመታት ታፍኖ የቆየ ቁስልና ቂም ሁሉ የወጣው ቁጣን አብልጦ ወደሚመዝን አደባባይ መሆኑ ነው።

በእኛ አገር ወሬ ሰው መግደል የጀመረው በፌስቡክ አይደለም። ወሬኛው ግን ቤቱ ይታወቅ ነበር። በቀድሞው ዘመን በገጠር ስርቆት ወይም ግድያ ሲፈጸም አውጫጭኝ ይጠራል፤ የአካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሥርዓቱ ንጹሐንን ከሥራ አስፈትቶ ያንገላታል፤ እንዲመለስም አልመኝም። ቢሆንም ከሳሽም ተከሳሽም ጎረቤትም ዐይን ለዐይን እየተያዩ ይቀመጡበት ነበር። ዛሬ ስም የሌለው ገጽ ይጽፋል፣ ካሊፎርኒያ የተሠራ ቀመር ያሰራጫል፣ ሚኒሶታና ሪያድ ያለው ወገን ሼር ያደርጋል፤ የሚንኳኳው ደጅ ግን እዚሁ አገር ቤት ነው።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በጥቅምት 2021፣ የትግራዩ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ ፎቶግራፋቸውን የያዙ፣ የትግራይ ተወላጅ መሆናቸውን እያነሡ የሚወነጅሉና መኖሪያቸውን የሚጠቁሙ ጽሑፎች በፌስቡክ ወጡ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን በክሱ ገልጿል። ኅዳር 3 ቀን ፕሮፌሰሩ በደጃፋቸው በጥይት ተገደሉ። ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ እንደሚጥስ የሚገልጸው መልስ ለልጁ የደረሰው አባቱ በሞቱ በስምንተኛው ቀን ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በበኩሉ ጥላቻንና ግድያን የሚቀሰቅስ ጽሑፍ በደንቡ የተከለከለ መሆኑን ይናገራል። መከልከሉን ማንም አልካደም። ጥያቄው በአማርኛ የተጻፈውን ዛቻ የሚያነብ ስንት ሰው ተቀጥሮ ነበር የሚለው ነው። ከግድያው አንድ ወር ቀደም ብላ የቀድሞዋ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት ኩባንያው በኢትዮጵያ የጎሣ ግጭትን እያራገበ መሆኑን ተናግራ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሳይሰማ ቀረ ማለት አይቻልም፤ በዓለም ፊት ተነግሯል።

ከጥቂቶቹ አንባቢዎች መካከል ናይሮቢ ውስጥ የፌስቡክን ይዘት ለሚያጣራው ለሳማ ኩባንያ ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ስለሚያውቁ ብቻ የገዛ አገራቸውን ሬሳ ቀኑን ሙሉ እንዲያዩ ሆኑ። እኛ ቪዲዮው ሳይደርሰን የቀረው እነሱ ስላዩልን ነው። በ2023 ከ180 በላይ የቀድሞ አጣሪዎች ኬንያ ውስጥ ክስ አቀረቡ። ከመካከላቸው ከ140 የሚበልጡት በምርመራ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ተገኝቶባቸዋል።

መንግሥት የያዘው መድኃኒት ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። በሰኔ 2020 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ፤ ተሳዳቢውም፣ ነጋዴውም፣ ልጇ ጅዳ ያለችባት እናትም እኩል ተቀጡ። በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (2012ቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጸሐፊውን ያስጠይቃል፤ ከጽሑፉ የሚያተርፈውን ኩባንያ ግን ብዙም አይነካም።

ስለ ግጭት ብቻ ማውራት ሌላውን ጉዳት ይሸፍናል። በ2021 የወጡት የኢንስታግራም የውስጥ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰውነታቸው ከሚያፍሩ ታዳጊ ሴቶች መካከል 32 በመቶዎቹ መተግበሪያው ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። የእኛ አገር ንጽጽር የሰውነት ብቻ አይደለም። ቤሩትና ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በዕረፍት ቀኗ አምራ የተነሣችውን ፎቶ ትለጥፋለች፤ የማትተኛበትን ሌሊት አትለጥፍም፤ እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ ነው። ፎቶውን ያየች ታናሽ እኅት ግን ልቧ ይነሣል። ድሮ ሰፈር ውስጥ የሚታወቀው ደላላ ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ያገኛታል። ሊቢያ ላይ የታገተ ልጅ ሲገረፍ የሚያሳይ ቪዲዮም በዚያው ስልክ ይመጣል፤ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ለምኖ ማስለቀቂያ ይልካል።

አውስትራሊያ በ2024 ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው ሕግ አወጣች። ልጆቿን መጠበቋ መልካም ነው። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የናይሮቢው ችሎት ነው። አብርሃም መዓረግ፣ የአምነስቲው ፍስሐ ተክሌና ካቲባ የተባለው የኬንያ ድርጅት በታኅሣሥ 2022 ባቀረቡት ክስ ኩባንያው ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ጥላቻን የሚያራግበውን ቀመር እንዲያስተካክል፣ ቋንቋችንን የሚያነቡ በቂ ሠራተኞች እንዲቀጥርና ለተጎጂዎች ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ እንዲመድብ ይጠይቃሉ። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ሲል ተከራከረ። በሚያዝያ 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።