የክሎሪን ተረፈ ምርቶች በመጠጥ ውኃ

የክሎሪን ተረፈ ምርቶች የሚባሉት፣ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያሉ ጀርሞችን ለመግደል የሚጨመረው ክሎሪን ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር ወደ ውኃው ከሚገቡ ኦርጋኒክ ነገሮች ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠሩ ኬሚካሎች ናቸው። ዋነኞቹ ትራይሃሎሜቴኖችና ሃሎአሴቲክ አሲዶች ናቸው። ከትራይሃሎሜቴኖቹ ብዙውን ጊዜ በርከት ብሎ የሚገኘው ክሎሮፎርም ነው፤ ይህም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣነት ያገለግል የነበረው ፈሳሽ ነው። ውኃው ብሮማይድ ካለበት ደግሞ እንደ ብሮሞፎርም ያሉት ይበዛሉ።

ግኝቱ

ውኃን በክሎሪን ማከም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ቢስፋፋም፣ ተረፈ ምርቶቹ የታወቁት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። በሮተርዳም የውኃ አገልግሎት ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው ኬሚስት ዮሃንስ ሮክ በታከመ ውኃ ውስጥ ክሎሮፎርም አገኘ፤ የተፈጠረውም ክሎሪኑ ለውኃው ቡናማ መልክ ከሚሰጡት የተፈጥሮ ነገሮች ጋር በመዋሃዱ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት አሜሪካውያን ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ውጤት አወጡ። አሜሪካ በ1979 እ.ኤ.አ. ለአራቱ ትራይሃሎሜቴኖች ድምር በሊትር 100 ማይክሮግራም ጣሪያ አደረገች፤ በኋላም ወደ 80 ዝቅ አደረገችው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለክሎሮፎርም ብቻ በሊትር 300 ማይክሮግራም ነው።

የጤና ሥጋት

ተረፈ ምርት የበዛበትን ውኃ ለብዙ ዓመታት በጠጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፊኛ ካንሰር ጋር ዝምድና እንዳለው ያመለክታሉ። ዝምድና መኖሩ ግን ብቻውን ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ክሎሮፎርምን የመደበው «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ» ከሚላቸው መካከል ነው። ክሎሮፎርም በቀላሉ ስለሚተን፣ በሙቅ ውኃ ገላን ሲታጠቡ በትንፋሽና በቆዳም ይገባል።

ይህ ሥጋት በአሥርተ ዓመታት የሚለካ ሲሆን ኮሌራ ግን ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ተረፈ ምርትን ለመቀነስ ተብሎ ጀርም የመግደሉ ሥራ እንዳይጓደል ያሳስባል።

መቀነሻው

ዋናው ዘዴ ክሎሪኑን ከመጨመር በፊት ኦርጋኒኩን ነገር ማስወገድ ነው፤ ማለትም ውኃውን በአሉሚኒየም ሰልፌት አጥልሎና በአሸዋ አጣርቶ ክሎሪኑን መጨረሻ ላይ መጨመር። በኦዞን መተካትም ከጣጣ ነፃ አይደለም፤ ብሮማይድ ባለበት ውኃ ኦዞን ብሮሜት ይፈጥራል። በቤት ውስጥም እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ ከመጨመር በፊት ደፍራሽ ውኃን አጥልሎ በንጹሕ ጨርቅ ማጣራት ይጠቅማል፤ ደለሉ ሲቀንስ ክሎሪኑም ጀርሙን በተሻለ ይገድላል።