ጧሪና ቀባሪ፤ በሰሜን ሸዋ የመጦር ትርጉም

ሽማግሌ ወጣቱን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው የሚነገሩት ያረጀውን ማብላትና ማልበስ፣ የሞተውንም በወጉ መቅበር እንደ አንድ ግዴታ ስለሚቈጠሩ ነው። የሰሜን ሸዋ ታሪክ ይህ ጥምረት እንዴት እንደ ኖረና በምን እንደ ተከፈለ ያሳያል።

ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሲገዙ በከተማው ቸነፈር ተነሣ። ዜና መዋዕላቸው የመቅሠፍቱን ክብደት የገለጸው ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ማለቁን በመናገር ነው። ንጉሡም መቅሠፍቱ እንዲርቅ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

ከብዙ ዘመን በኋላ አንኮበር መናገሻ በሆነችበት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) ሸዋን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች፣ ንጉሡ በረኀብ ጊዜ የመንግሥቱን ጎተራ ለችግረኛ እንደ ከፈቱ ጽፈዋል። ይሁን እንጂ የንጉሥ ጎተራ የሚከፈተው በክፉ ቀን ነው፤ የዘወትሩ ጡሪያ በቤተ ሰብ ላይ የወደቀ ነበር።

የቤተ ሰቡም ጡሪያ በፍቅር ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ከርስት ጋራ የተያያዘ ነበር። ርስት ለወንድም ለሴትም ልጅ ቢደርስም፣ ወላጁን ይዞ የጦረ ልጅ በኑዛዜ ብልጫ ተስፋ ያደርግ ነበር። እንዲህም ሆኖ መሬቱ የሽማግሌው መከበሪያ ሆነ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠትን ግዴታ ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በቅጥር ማሳረስም ሲከለከል፣ ባለይዞታው ላረጀበት ወይም ለታመመበት ቤተ ሰብ ግን ተፈቀደ። በዚህም ግዴታው እንዳለ ሲቈይ፣ አባት ለጧሪው የሚያወርሰው ርስት ከእጁ ወጣ።

ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ወጥቶ፣ ከ«መጦር» የተገኘው ቃል የመንግሥት ክፍያ ስም ሆኗል። መንግሥት ግን የወሰደው የቃሉን እኩሌታ ነው፤ ቀባሪነቱ ለልጆችና ለዕድር ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በደብረ ብርሃን ያለ ጡረተኛ ቀለቡን ከጡረታው፣ ቀብሩን ከዕድርተኛው ይጠብቃል። የጡረታ መብት የሌለው የአንኮበር ገበሬ ግን ቀለቡን አሁንም ከልጆቹ እጅ ይጠብቃል፤ ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበትም ከጎረቤቱ በቀር የሚያየው የለም።